ያልበራው ፍላሽ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና አፈርኩ። እንዴት እንዳለህማ አውቃለሁ። ባለቤትህ አንተን ጠይቃ በተመለሰች ቁጥር ወደ እኛ ጎራ ብላ ለእማዬ ትነግራታለች፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ሥራ ያለኝ መስዬ እሰማለሁ። የመንጋጋ ጥርስህን እንዳመመህ፣ የግቢውን የውሃ ፓምፕ ጠግነህ የጠባቂዎቹ ወዳጅ እንደሆንክ፣ እስር ቤት ከገባህ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር እንደሞላህ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ መጥቼ እንዳልጠየቅኩህ ደግሞ አንተ ታውቃለህ። እማዬን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላታለሁ፤ እሷም «ይብዛልሽ» ብላ ትመርቀኛለች።

ይህን ደብዳቤ ፖስታውን ሳላሽግ ነው በሩ ላይ የምሰጠው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው አሉ። አንተ እጅ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያነበዋል። ስለዚህ በእኔና በአንተ ቋንቋ ሳይሆን ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርጌ ነው የምጽፈው። ራስህ ያስተማርከኝን መልሼ ሳስተምርህ ብታይ አትሳቅብኝ። ወይም ሳቅ፤ ከሳቅክ ስንት ጊዜህ ነው።

ከካሜራው ልጀምር። ስታመጣው ሌንሱ ሻጋታ ለብሶ፣ መዝጊያው ተጣብቆ፣ የሞተ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከፋብሪካ ስትመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በትነኸው በወረንጦ ትለቃቅመው ነበር፤ እማዬ «ዛሬም ብሎን ልንበላ ነው» እያለች ሳህኖቹን ጭኗ ላይ ይዛ ትጠብቅሃለች። ነፍስ ሲዘራ ለእኔ ሰጠኸኝ። ሬንጅፋይንደር የሚሉት ዓይነት ነው። በመስኮቱ ስታይ መሃል ላይ ያለው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱን ስታዞር ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ አንድ ሲሆኑ ያን ጊዜ ጠርቷል ማለት ነው። እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፊቴን ሎሚ እንደመጠጠ ሰው አጨማድጄ ሳይ ሳቅህ አላባራ አለ። «ጥቅሻ» የሚል ስም ያወጣህልኝ ያን ቀን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ተቀበለህ፤ ዛሬ እውነተኛ ስሜን ከመታወቂያዬ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ስቀህ ስትጨርስ ግን ቁም ነገር ነገርከኝ። እንዳለ አስታውሰዋለሁ፤ «ሁለቱንም ዓይንሽን ክፈቺ» አልከኝ። «ሌላው ካሜራ ውስጡ መስታወት አለው። ቁልፉን ስትጫኚ መስታወቱ ይነሳና ለዚያች ቅጽበት አንሺው ይታወራል። ፎቶው ሲነሳ አላየም ማለት ነው። የዚህ መስኮት ከሌንሱ ጎን ነው ያለው፤ አይጋረድም። መብራቱ ቦግ ሲል የሰውየውን ዓይን ታያለሽ፣ ጨፍኖ እንደሆነ እዚያው ታውቂያለሽ።»

ይህቺን ንግግርህን ያዛት፤ እመለስባታለሁ።

ፍላሾቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበሩ። አንድ ፍላሽ ብቻውን የሰውን ፊት ግድግዳ ያስመስለዋል ብለህ ሦስት ሰበሰብክልኝ። ዋናው በገመድ ከካሜራው ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ገመድ የላቸውም፤ አንተ በብየዳ የሠራህላቸው፣ የምስር ፍሬ የምታህል ዓይን አለቻቸው፤ ዋናው ሲበራ ታይና እነሱንም በዚያው ቅጽበት ታበራቸዋለች። ሁለተኛው ደህና ነበር። ሦስተኛው ግን ዋናውን ፊት ለፊት ካላየ አይበራም፤ በመሃል ሰው ከቆመ ዝም ነው። «ይሄኛው ዓይነ አፋር ነው፤ በእሱና በዋናው መካከል ማንም እንዳይቆም ተጠንቀቂ» ትለኝ ነበር። የመዝጊያውን ፍጥነት ከሃምሳ እንዳላሳልፍ፣ ካሳለፍኩ የፎቶው ግማሽ እንደሚጠቁር፣ ከፍላሹ እስከ ሰውየው ስንት እርምጃ ሲሆን የሌንሱን ቀዳዳ ስንት ላይ እንደማደርግ፣ ይህን ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈህ ካሜራው ጀርባ ላይ ለጠፍክልኝ። ካርቶኑ አሁንም አለ። እርምጃህ ከእኔ ስለሚረዝም ሁልጊዜ አንድ እጨምርበታለሁ።

ፋብሪካው ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ለመጽሔቱ ሽፋን የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፈለገ። «እህቴ አለችላችሁ» ያልከው አንተ ነህ። ያን ቀን ግን አልነበርክም፤ መለዋወጫ እንድታመጣ ሌላ ከተማ ልከውህ ነበር። ሳፋና ባልዲ ወደሚመታበት አዳራሽ በምሳ ሰዓት ማሽኖቹ ቆመው ገባሁ። መስኮቶቹ ከላይ ናቸው፣ የዘመናት ጥላሸት ይዟቸዋል፤ ቀን ሆኖ ሰው በዳበሳ ነው የሚሄደው። ቆርቆሮውን በብረት እየመታ ቅርጽ የሚያወጣው ትልቁ ፕሬስ ጋ የመንታዎቹን እናት አስቀመጡልኝ፤ አንተ «ከወንዶቹ ሁሉ እጇ ፈጣን» የምትላትን። ዋናውን ፍላሽ በመቆሚያ ከፍ አድርጌ በስተቀኝ በሰባት እርምጃ አቆምኩ። ሁለተኛውን ገመድ ላይ ወደሰቀልኩት ነጭ አንሶላ አዞርኩት፣ ብርሃኑ ተመልሶ ለስለስ እንዲል። ዓይነ አፋሩን ከፕሬሱ ጀርባ ወለል ላይ አስቀምጬ ወደ ግድግዳው አቃናሁት፤ አለበለዚያ ጥቁር ማሽን ከጥቁር ግድግዳ አይለይም። በእርምጃ ለካሁ፣ ካርቶንህን አየሁ፣ ፍጥነቱን ሃምሳ ላይ አደረግኩ።

ሥራ አስኪያጁ፣ እናንተ «አቶ ቶሎ ቶሎ» የምትሉት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል። ሌላውን ሁሉ ከፍላሹ ፊት ዞር አስደረግኩ፤ አለቃን «ዞር በል» የሚባልበትን ቋንቋ ግን ገና አልተማርኩም ነበር። ለሙከራ ብዬ አንድ አነሳሁ።

አየሁ ወንድም ጋሼ። መብራቱ ቦግ ሲል የመንታዎቹ እናት ቀና ብላ ነበር፤ ብርሃኑ አስደንግጧት ልትስቅ አፏ ከፈት ብሏል። ሁለት እጆቿ ቆርቆሮው ላይ ናቸው። በእጆቿና ከላይ በተንጠለጠለው ብረት መካከል ምንም የለም። እጅ እንዳያስገባ የሚከለክለው ፍርግርግ ቦታው ላይ አልነበረም። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ደግሞ ጥቁር ነው፤ አቶ ቶሎ ቶሎ ዓይነ አፋሩ ፊት ተገትሮ ስለነበር ሦስተኛው ፍላሽ አልበራም።

ፍርግርጉ ምን እንደሆነ አላውቅም እንዳልልህ፣ ስንት ማታ ራት ላይ አውርተኸናል። ሥራ ያዘገያል ብለው እንዳስወለቁት፣ ለአቶ ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ሄደህ እንደነገርከው፣ እሱም «ቶሎ ይመለሳል» እንዳለህ። እማዬ «በጽሑፍ ስጣቸው» ስትልህ «ሰው እኮ ናቸው፣ ይሰማሉ» አልካት።

ፎቶው መበላሸቱን ልናገር ስል እሱ ቀደመኝና «ቆይ፣ ያ ነገር ይግባ» አለ። ሁለት ሰዎች ከግድግዳው ጥግ ፍርግርጉን ጎትተው አመጡት። የሸረሪት ድር ነበረበት። ብሎኖቹ ጠፍተዋል፤ በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። የመንታዎቹ እናት ወደ እኔ አየችና «እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የምናወጣው፣ እንደ ጥሩ ብርጭቆ» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ አቶ ቶሎ ቶሎም ሳቀ። ከዚያ ከፍላሹ ፊት ዞር አለልኝና ሦስት ደጋግሜ አነሳሁ። ሦስቱም ፍላሾች በሦስቱም በሩ። እስከ ዛሬ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ያ ነው፤ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ዕቃዬን ስሸክፍ ሽቦውን እየፈቱት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ፕሬሱ ሁለት እጇ ላይ ወረደ። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች።

ከዚያ ያለውን ታውቀዋለህ፤ የማያውቀው ሰው ግን ይወቀው። በዚያው ቀን ጠዋት ፕሬሱን ዘይት ያጠጣኸው አንተ ነበርክ። ለጥገና ብለህ ፍርግርጉን ፈትተህ ሳትመልሰው ሄድክ ተባለ። አንተ ፍርግርጉ ከወለቀ ወራት እንዳለፈው ተናገርክ። አብረውህ የበሉ የጠጡ ሰዎች ጫማቸውን ሲያዩ ከረሙ፤ የሚያውቅ ሁሉ አላውቅም አለ። የወረቀት ማስረጃ የለህም። እነሱ ግን አላቸው፤ የእኔ ፎቶ። ከአደጋው ዘጠኝ ቀን በፊት የተነሳ፣ ፍርግርጉ ቦታው ላይ ቁጭ ያለበት፣ ጥርት ያለ ፎቶ። ሽቦው አይታይም፤ አሳምሬ ነው ያነሳሁት።

አቶ ቶሎ ቶሎ ስቱዲዮዬ መጣ። ያን ዕለት እንደ ስሙ አልነበረም፣ ተደላድሎ ተቀመጠ። ፎቶዬን በትልቁ አሳጥቦ በፍሬም ይዞልኝ ነበር። ከእንግዲህ የፋብሪካው ፎቶ ሁሉ የእኔ እንደሆነ ነገረኝ። ወንድምሽ ቢበዛ መቀጮ ነው፣ ለመቀጮው ደግሞ እኛ አለን አለኝ። እኔ ፍርግርጉ እንዴት እንደገባ ላስታውሰው ስሞክር ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «ፎቶው ያንቺ ነው» አለኝ። «ውሸት ነው ካልሽ ውሸታሟ አንቺ ነሽ።»

ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለእማዬ እንኳ አልነግራትም። ያን ፎቶ እወደው ነበር። ሦስት ፍላሽ፣ ሦስቱም ቦታቸውን ይዘው፣ ብረቱ እንደ ብረት ሴትየዋ እንደ ሰው የታየችበት፤ ያየው ሁሉ «ማን አነሳው?» የሚልለት። «ውሸት ነው» ካልኩ ፎቶውም አብሮ ይሞታል። መቀጮ ነው ብሎኛል፣ መቀጮ ይሁን አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ የብብቴ ደግሞ አንተ ነበርክ።

ፍርድ ቤት የቀረብኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከእኔ አምስት እርምጃ ላይ ተቀምጠህ ነበር፤ በአንተ እርምጃ አራት። ዐቃቤ ሕጉ ፎቶውን አሳየኝ፣ የእኔ ነው አልኩ። ቀኑን ጠየቀኝ፣ ተናገርኩ። እስከዚያ የዋሸሁት የለም። ቀጥሎ ጠበቃህ ተነሳ፤ ያ ኮቱ የሰፋው፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስለው ሰውዬ። ስደርስ ፍርግርጉ የት እንደነበር ጠየቀኝ። ጨለማ ነበር፣ ልብ አላልኩም አልኩ። ሌላ የተነሳ ፎቶ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ተበላሽቷል፣ ምንም የለበትም አልኩ። ሊቀመጥ ብሎ እንደገና ተመለሰ።

«መብራቶቹ ሲበሩ አዳራሹ ቁልጭ ብሎ ታይቷል ማለት ነው» አለኝ። «እስቲ ያን ጊዜ ምን አዩ?»

ያስተማርከኝን አነሳሁ ወንድም ጋሼ። የራስህን ቃል አንስቼ ገለበጥኩት። «ካሜራ ፎቶ ሲያነሳ ውስጡ ያለው መስታወት ይነሳል» አልኩ። «ለዚያች ቅጽበት አንሺው ምንም አይታየውም።»

ዳኛው ጻፉ። ጠበቃህም ጻፈ፣ አመሰገነኝና ተቀመጠ። ውሸት ነው የሚለኝ አልነበረም፤ ለሌላው ካሜራ ሁሉ እውነት ነውና። ዓይኔን በጨው አጥቤ የተናገርኩት የሰለጠነ ሰው መልስ ሆኖ ተቆጠረልኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ካሜራዬ መስታወት እንደሌለው የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቀና ብለህ አየኸኝ። «የእሷ ካሜራ አይታወርም፣ እኔ ነኝ የጠገንኩት» ብትል ያኔውኑ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። አፍህን ስትከፍት አይቻለሁ። ከዚያ መልሰህ ዘጋኸው፤ ቀስ ብለህም አንድ ዓይንህን ጨፈንክልኝ።

ልጅ ሆነን እማዬ ስትቆጣኝ ከጀርባዋ ሆነህ እንደምትጠቅሰኝ። «አይዞሽ» ነበር? ወይስ «አውቄብሻለሁ»? ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያን ጥቅሻ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ለምን ዝም አልክ? እኔን ለማዳን ከሆነ፣ አላዳንከኝም።

ሰባት ዓመት ፈረዱብህ። አቶ ቶሎ ቶሎ «መቀጮ» ያለው ሰባት ዓመት ሆነ። ቤት ስገባ እማዬ «ምን አልሻቸው?» አለችኝ። «ያየሁትን» አልኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እያደር የሚጠራውን አንተ እስር ቤት እያደርክ ነው የምትጠብቀው። እኔ ደግሞ ቤቴ እያደርኩ እንዳይጠራ ስጠብቀው ነበር። የተበላሸውን ፊልም አልጣልኩትም፣ አላየሁትምም። ከሌሎቹ ቆርጬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ጊዜው ያለፈበት የፎቶ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ጨመርኩት።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ስቱዲዮዬ ገቡ። የመጽሔቱን ሽፋን አራት ቦታ አጥፈው ይዘዋል፤ እጥፋቱ ላይ ነጥቷል። የመንታዎቹ እናት እናት ናቸው። እኔን አላወቁኝም፤ ከፋብሪካው «ያነሳችው እዚያ ናት» ብለው ነው የላኳቸው። ልጃቸው ከዚህ ሌላ ፎቶ እንደሌላት ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ስልኩ በፎቶ በሚሞላበት ዘመን እሷ አሥር ሰዓት ፕሬስ ላይ ትውልና ቤት ገብታ ለልጆቿ ታበስላለች፤ ማን ያነሳታል። ያለው ይህ ብቻ ነው፣ በዚህም ፍርግርጉ ከደረቷ እስከ ግንባሯ ይጋርዳታል።

«ይሄን ብረት ታወጪልኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ። «መንታዎቹ አድገዋል፣ ይጠይቃሉ። ፎቶውን ሳሳያቸው እማዬ ለምን ታሰረች ይሉኛል።»

እሞክራለሁ አልኳቸው። ሲወጡ በሩን ዘጋሁ፣ ካርቶኑን አወረድኩ፣ ጨለማ ክፍል ገባሁ።

ያን ፊልም መጀመሪያ እንዳለ አተምኩት። ፊቷ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለ መጣ፤ ቀና ያለች፣ ልትስቅ ያለች፣ ምንም ያልጋረዳት። ዋናው ፍላሽና አንሶላው ሥራቸውን ሠርተዋል። ፊቷን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። እጆቿም አሉ፣ ሁለቱም። ግድግዳው ግን ድፍን ጥቁር ነው፤ «ምንም የለበትም» ያልኩት ያንን ነው። ሁለተኛ ወረቀት አስቀመጥኩና ከማተሚያው ብርሃኑ ሲወርድ ጥቁሩን ጥግ በእጄ ጋረድኩት፣ ከሌላው ያነሰ ብርሃን እንዲያገኝ። እንዲህ ሲደረግ ጨለማው ውስጥ ያለው ብቅ እንደሚል ያስተማርከኝም አንተ ነህ። ብቅ አለ። ፍርግርጉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከፊቱ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሰው፣ የጎን መልኩ በግልጽ የሚታወቅ፣ በዓይነ አፋሩና በዋናው መካከል ተገትሯል። ያ ፍላሽ ያልበራው እሱ ስለቆመበት ነው፤ እሱ እዚያ ስለመኖሩም ምስክሩ አለመብራቱ ነው።

የፊልሙ ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። የእኔ አሥራ አንድ ነው። ፍርድ ቤት መዝገብህ ውስጥ ያለው የፊልም ቁራጭ ከአሥራ ሁለት ይጀምራል። መቀሴ ጠመም ብላ ስለቆረጠች ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ጠርዛቸው መግጠሙን ያያል።

አሮጊቷ በቀጠሯቸው መጡ። የመጀመሪያውን ህትመት ሰጠኋቸው፣ በትልቁ። ብዙ ጊዜ አዩት፤ ጣታቸውን ቅንድቧ ላይ አሳረፉ።

«ብረቱን እንዴት አወጣሽው?» አሉኝ።

«አላወጣሁትም እማማ። ያኔ አልነበረም።»

ከመቼ ጀምሮ እጄ ላይ እንደነበር ጠየቁኝ፣ ከመጀመሪያው አልኳቸው። የማን እህት እንደሆንኩም ራሴ ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቱ የሰው ልጅ ስረግም ኖርኩ» አሉ። «ልጆቹንም ስሙን አስጠናኋቸው። አንቺ ታውቂ ነበር።»

ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። አላመሰገኑኝም።

ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ ልል አልመጣሁም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወርህን የሚመልስልህ የለም፣ የዚያችን ሴት እጆችም የሚመልስ የለም። የፊልሙን ቁራጭና ሁለተኛውን ህትመት ይዤ ጠበቃህ ጋ የምሄደው ሰኞ ነው። በሐሰት መመስከሬ እንደሚያስጠይቀኝ በስልክ ነግሮኛል። ይጠይቁኝ። ራሴን ስለማውቃት ግን ሰኞን አላምናትም፤ ከዛሬ ዓርብ እስከ ሰኞ ስንት ውሃ የማያነሳ ምክንያት ልፈጥር እንደምችል አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ደብዳቤውን ዛሬ እሰጣለሁ። አንዴ በሩ ጋ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ከእጄ ወጣ ማለት ነው፤ ብፈልግም አልመልሰውም። ከዚያ ቤት ገብቼ ለእማዬ እነግራታለሁ። ከዳኛው ይልቅ እሷን ነው የምፈራው።

ይህን አስቀድመው የሚያነቡት ጌታዬ፣ እርስዎን አላውቅዎትም። ፓምፕዎን የጠገነልዎት ሰው ወንድሜ ነው። ያነበቡትን ለሚመለከተው ቢያሳዩ ቅር አይለኝም፤ ሳላሽገው የመጣሁት ደንቡን ፈርቼ ብቻ አይደለም። እውነተኛ ስሜንና አድራሻዬን ፖስታው ላይ ጽፌዋለሁ፤ የፎቶውንም አንድ ቅጂ አብሬ አስገብቻለሁ። ፎቶ አይገባም ከተባለ እባክዎ አይጣሉት፣ እርስዎ ጋ ይቆይ።

ወንድም ጋሼ፣ ጥርስህን አሳያቸው፣ ዝም አትበል። ዝምታ አይበጅም፤ ለማናችንም አልበጀም። ጠበቃህ ያን ማክሰኞ ለጠየቀኝ ጥያቄ ደግሞ መልሴ ይኸው። የእኔ ካሜራ መስታወት የለውም። መብራቱ ሲበራ ሁለቱም ዓይኖቼ ክፍት ነበሩ። አይቻለሁ።

እህትህ
ጥቅሻ